አንገትዎን ይድፉ

ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ እንደ ልማዴ ማልጄ ተነስቼ ነጩን ጋወን ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ሳተራምስ፣ ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ «አንቺ ሴት፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ዓይን ልትጎለጉዪ ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። ቀጥሎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እሱም ተነስቶ ሻይ አፈላልኝ። ጡረታ የሚሉት ይኸው ነው፤ በእንጅባራ ብርድ ሰው ለምን በማለዳ እንደሚነሳ ሲጠፋበት።

የዓይን ነርስ ነበርሁ። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤትና ከገበያ፣ አዊኛውን ከእናቴ ነው ያገኘሁት፤ ሁለቱም ለሥራዬ ጠቅመውኛል። መጀመሪያ የተመደብሁት ጫግኒ ነው፤ ሙቀቱ ከደጋ ለወረደ ሰው ጉድ ነው። ከዚያ አዘና ወሰዱኝ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር፤ በሽተኛ በር ላይ ተደርድሮ እሱ «ወደ ሦስተኛው አጀንዳ እንለፍ» ይላል። ስለ ደመወዝ አላወራም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ እንጅባራ ወደሚገኝ የዓይን ክፍል ተዛወርሁ። ሥራዬን በቅጡ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ያሳወቁኝም የክፍሉ ሐኪም ጋሽ አስናቀ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ እኔን የተካችው ልጅ ናት። ዕቃ ስንረካከብ የዓይን መመርመሪያውን እየወለወለች «ሲስተር፣ ያን ዓይን ውስጥ የሚገባውን ትል እውነት አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እሷ አላየችውም። ዛሬ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ወስደው ነው በሽታው መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጡት፤ መድኃኒቱም በየቀበሌው እየዞረ ስለሚታደል ትሉን ዓይን ውስጥ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። እሰየው ነው። እኔ ግን አይቸዋለሁ፤ ካየሁባቸው ሰዎች ደግሞ አንዱ ከልቤ አይወጡም።

በሽታው የወንዝ ዳር ዕውርነት ይባላል። ከጫግኒ አልፋችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ፣ ውኃው እየተንደረደረ በሚሄድባቸው ወንዞች ዳር አንዲት ጥቁር ትንሽ ዝንብ አለች። ስትነክስ የትል ዘር ታስገባለች። ትልልቆቹ ትሎች ከቆዳ ሥር ተቋጥረው ለዓመታት ይኖራሉ፤ የሚፈለፍሏቸው ልጆች ግን አርፈው አይቀመጡም። ቆዳ ውስጥ ይርመሰመሳሉ፣ ሰውየው ሲያክ ይውላል ሲያክ ያድራል፤ አንዳንዶቹም ዓይን ውስጥ ይገባሉ። በእኛ አገር ጉዳቱ በብዛት ቆዳ ላይ ነው፤ ዓይኑ ላይ የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው። ጥቂት መሆኑ ደግሞ ለዚያ ለጥቂቱ መከራ ሆነበት፤ ማንም አይጠረጥርለትም። ሲያክ «እከክ ነው» ይሉታል፤ ዓይኑ ሲደክም «እርጅና ነው» ይሉታል፤ ሲመሽ ማየት ሲያቅተው «ዳፍንት ነው፣ ጉበት ብላ» ይሉታል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። አስቀድሞ የሚሰርቀው የጎኑን ዕይታ ስለሆነ፣ ሰውየው ፊት ለፊቱን እያየ «እኔ ምንም አልሆንሁ» ይላል።

ጋሽ አስናቀ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሳቸው ከስንት አንዴ የሚታይ ሰው ነበሩ። እጃቸውን ሳያሞቁ የሰው ዓይን አይነኩም። ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ከበሽተኛው ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ ያወራሉ፤ በሽተኛው ሐኪሙ በርዷቸው ይመስለዋል። እጃቸው ሲሞቅ ነው ጣታቸውን ወደ ዓይኑ ቆብ የሚሰዱት። የቀዘቀዘ እጅ ሰውን ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ዓይኑን አይሰጥሽም ይሉኝ ነበር። «ቀላል ነው፣ አይዞዎት» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ያላዩትን አይናገሩም፤ ያዩትን አይደብቁም። በዚህም የተነሳ ደረቅ ናቸው እየተባሉ ይታሙ ነበር። እኔም አምቻቸዋለሁ፤ ምን ይደረግ።

ትሉን ለማየት አንድ ብልሃት አለ። ትሎቹ ከብሌኑ ፊት ባለው ውኃ ውስጥ ወደ ታች ዘቅጠው ስለሚቀመጡ፣ ሰውየው እንደ ተቀመጠ ቢመረመር ብዙ ጊዜ አይታዩም። ስለዚህ አስቀድሞ ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ደፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ቀልጠፍ ብሎ ቀና ይልና አገጩን መመርመሪያው ላይ ያሳርፋል። ያኔ በቀጭኑ ብርሃን ውስጥ ይታያሉ። በቆርቆሮ ሽንቁር በገባ ፀሐይ ውስጥ አቧራ ሲንሳፈፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እንደዚያ ናቸው፣ ነገር ግን አቧራ አይጣጠፍም፣ እነዚህ ይጣጠፋሉ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም። ጀማሪ ሳለሁ ማጎንበሱን ዘልዬ ልመረምር ስሞክር ጋሽ አስናቀ ከኋላዬ መጥተው «እናንዬ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይዘሻል» አሉኝ። ሁለተኛ አልዘለልሁም።

በሽተኛው አጎንብሶ ሳለ እሳቸው ዝም ብለው አይጠብቁም። እርሻው የት እንደሆነ፣ ከብቱን የሚያጠጣው ከየትኛው ወንዝ እንደሆነ፣ ዝንቡ የሚብሰው ጠዋት ይሁን ማታ ይጠይቁታል። ሰዉ መሬት መሬት እያየ ይመልሳል። ሰልፉ እንዳይረዝም ደግሞ ተረኞቹን እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱ ሲታይ ቀጣዩ ያጎነብሳል። ለሁሉም የሚናገሩት አንድ ቃል ነበር፤ «አንገትዎን ይድፉ።» ለገበሬውም፣ ለነጋዴውም፣ ለመምህሩም ያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቄስ ዞር ብለው «መሠዊያው በየት በኩል ነው?» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞልተውታል። በዚያ ቃል የተቀየመ ሰው አልነበረም፤ አያ ጫኔ እስኪመጡ ድረስ።

አያ ጫኔ ከቆላ፣ ከወንዝ ዳር ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲገቡ ክፍሉ የጠበበ ይመስል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ናት እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው። በሽታውን የነገረችንም እሷ ናት፤ ሲመሽ መቃኑን በትከሻቸው እንደሚገጩ፣ ጉበት ብታበላቸው ብታበላቸው ዳፍንቱ እንዳልለቀቃቸው፣ ሌሊቱን በሙሉ ሲያክኩ እንደሚያድሩ። አያ ጫኔ ግን ዓይናቸው ደህና እንደሆነ፣ የመጡትም የሚስታቸውን አፍ ለማስዘጋት እንደሆነ ነገሩኝ። ቅልጥማቸውን ሳየው ቆዳቸው ነጠብጣብ ነጠብጣብ ብሎ ነጥቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ፊት ለፊት ሳሳያቸው ግን ትንንሹን ምልክት ሳይቀር በጣታቸው አቅጣጫውን አሳዩኝ። ጋሽ አስናቀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የፊት ለፊት ዕይታው ገና እንዳለ፣ ትሉ ከሆነና ዛሬ መድኃኒቱን ከጀመሩ ይህ ዓይን እንደሚተርፍ ነገሩኝ። ደስታቸውን ከድምፃቸው አወቅሁት።

አያ ጫኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከአጠገባቸው አለሙ የሚባል የዚያው ቀበሌ ሰው ተቀምጧል። ሁለቱ እንደማይነጋገሩ አይቻለሁ፤ ነገር ግን በሽተኛ ሁሉ ይነጋገር የሚል ሕግ የለም ብዬ ተውሁት። ተራቸው ሲደርስ ጋሽ አስናቀ ከመመርመሪያው ቀና ሳይሉ «አንገትዎን ይድፉ» አሏቸው።

አያ ጫኔ አልተንቀሳቀሱም። አልሰሙ ይሆናል ብለው ጋሽ አስናቀ ደገሙት። ይኸኔ አለሙ ወደ ግድግዳው እያየ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «እኛ ስንለምን የከረምነውን ሐኪሙ በአንድ ቃል ሊያገኘው ነው» አለ።

አያ ጫኔ ተነሱ። ዱላቸውን በዳሰሳ ፈልገው ያዙና «አንገቴን ልታስደፉኝ ነው ከቆላ ድረስ ያስመጣችሁኝ?» አሉ። ጮኸው እንኳ አልተናገሩም። ወደ በሩ ሲሄዱ ቀኝ ትከሻቸው ከመቃኑ ጋር በኃይል ተላተመ፤ ሳያሹት ወጡ። ወይዘሮ የሻረግ ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከተለቻቸው።

ጋሽ አስናቀ ከመቀመጫቸው ተነስተው መቃኑን አዩት። «በሩን አላዩትም። የጎን ዕይታቸው ሄዷል» አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ ሮጠው ወጡ። ግቢው በር ስንደርስ የተሳፈሩበት ባጃጅ ተነስቷል።

ነገሩን የነገረን አለሙ ራሱ ነው፤ ከተናገረ በኋላ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የአያ ጫኔ ልጅ በመስኖ ውኃ ተጣልቶ የአለሙን ልጅ ክንድ በዱላ ሰብሮታል። የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባትየው በወጉ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ከተበዳዩ ደጅ ይቅርታ እንዲጠይቁ ፈረዱ። አያ ጫኔ ካሳውን ለመክፈል ተስማሙ፣ ድንጋዩን እምቢ አሉ። አንገቴን ለማንም አልደፋም ብለው ለሽማግሌዎቹ የተናገሩት ቃል ቀበሌውን አዳርሷል። እኛ ደግሞ ይህን ሳናውቅ፣ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ባላጋራ ፊት አልናቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለምታም አልነበረም እኮ፤ የሥራ ቃል ነው። እኔ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ጋሽ አስናቀ ግን ሊከራከሩ አልፈለጉም።

አለሙ ያን ቀን አጎንብሶ ተመረመረ። ትሉ ነበረበት፤ ያችው ዝንብ ሁለቱንም ነክሳለች። መድኃኒቱን ወሰደ፤ አበጠ፣ አከከው፣ ተሻለው፤ ዓይኑ ዛሬም ደህና ነው።

ጋሽ አስናቀ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቃል አልተናገሩም። ሌላ በርጩማ አስመጡና ከበሽተኛው ጎን ተቀምጠው «አብረን ጎንበስ እንበል» እያሉ ራሳቸውም ያጎነብሱ ጀመር። ወገባቸውን ያማቸው ነበር። ምን በወጣዎት ብላቸው አልሰሙኝም።

ወደ አያ ጫኔም ሄድን። እስከ ጫግኒ በሚኒባስ፣ ከጫግኒ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። መጀመሪያ ስንሄድ የሉም ተባልን፤ ሳል ከውስጥ እየተሰማን። ሁለተኛ ስንሄድ አውድማ ላይ አገኘናቸው። ዓይኔ የራሴ ነው፣ ላሳየውም ላላሳየውም እችላለሁ አሉን። መድኃኒቱን ብቻ እንኳ ይውሰዱ ብንላቸው አልተቀበሉም፤ እሳቸው ስላልተቀበሉም ዘመዶቻቸው በሙሉ እምቢ አሉ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ መንገዱ ተዘጋ። ጋሽ አስናቀ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ በወረደ ቁጥር ወደ መስኮቱ ይሄዱ ነበር። እኔም ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ፤ ትሉ ክረምት ነው ብሎ አያርፍም።

መስከረም ሲጠባ ወይዘሮ የሻረግ በሰው ላከችብን። አያ ጫኔ ቦይ ውስጥ ወድቀዋል፤ አሁን ሰውን የሚለዩት ሲናገር ብቻ ነው።

ጋሽ አስናቀ መልእክቱን እንደሰሙ ጋወናቸውን አውልቀው ሰቀሉና ድንጋይ ተሸክመው ሊሄዱ እንደሆነ ነገሩኝ። እርስዎ ምን በደሉ፣ የሕክምና ቃል ነው የተናገሩት፣ ደግሞ ወገብዎ እንዲህ ሆኖ፣ ሰውስ ምን ይለናል፣ ያልሁት አይቆጠርም። ሁሉንም አዳመጡኝና «ቃሉ የኔ ነው፤ አንገቱ ግን የሳቸው ነው» አሉኝ። የመድኃኒቱን ቦርሳ አነሳሁ።

ድንጋዩን ያነሱት እዚያው ወንዙን ስንሻገር ነው። ድፍን ዳቦ የሚያህል፣ ውኃ ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ። አንገታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ደግፈው ዳገቱን ወጡ። እኔ የመድኃኒቱን ቦርሳ ይዤ ከኋላ ነኝ። እያለቀስሁ እንደሆነ እንዳያዩ ራቅ ብዬ ሄድሁ። ያገር ሰው ከየእርሻው ቀና ቀና ብሎ ያየናል፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማን ማንን እንደበደለ ግን አልገባቸውም። ጋሽ አስናቀ ከአያ ጫኔ ደጅ ደርሰው እንዳጎነበሱ ቆሙ።

አያ ጫኔ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ማነው አሉ። በአዊኛ ማን እንደመጣና ምን እንደተሸከመ ነገርኋቸው። ወይዘሮ የሻረግ አፏን በእጇ ይዛለች። በመጨረሻ አያ ጫኔ ተነስተው በዱላቸው እየመሩ መጡ። እጃቸውን ዘረጉ። ድንጋዩን ስላላዩት እጃቸው መጀመሪያ ያረፈው ጋሽ አስናቀ ራስ ላይ ነው፤ ከዚያ በላብ የራሰ አንገታቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ድንጋዩን አገኙት። አንስተው መሬት ላይ አኖሩት።

«ድንጋዩን ያወረድሁት በደጄ ሰው እንዲህ ሆኖ ሲቆም ስለማልወድ ነው» አሏቸው። «ይቅርታውን ግን ገና አልሰጠሁህም። መጀመሪያ ዓይኔን እየውና የሆነውን ንገረኝ።»

ወደ መንገዱ የሚያወጣቸው የጋማ ከብት ያስፈልግ ነበር። ከአጥሩ ውጭ አለሙ በቅሎ ጭኖ ቆሟል፤ ማን እንደጠራው አላውቅም። አያ ጫኔ የማን በቅሎ እንደሆነች ሳይጠይቁ ወጡባት። አለሙም ሳይናገር ልጓሙን ይዞ መራ፤ ከተናገረ ይለዩታላ። በኋላ እርቁ ወረደ ሲባል ሰምቻለሁ። ድንጋዩን ማን እንደተሸከመ አልጠየቅሁም፤ የኔ ሥራ ዓይን ነው።

በማግስቱ እንጅባራ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠው አብረው አጎነበሱ። አያ ጫኔ ቀና ብለው አገጫቸውን ሲያሳርፉ ጋሽ አስናቀ አይተው ለኔም ለቀቁልኝ። ትሎቹ ብርሃኑ ውስጥ ይዋኛሉ፤ እንደዚያ በዝተው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጋሽ አስናቀ ብሌኑን አስፍተው ወደ ኋላ፣ የታየውን ወደ አንጎል ወደሚያደርሰው የዓይን ጅማት ዘለቁ። ረጅም ጊዜ አዩ። እኔም አየሁት። ጤነኛ ጅማት መልኩ ወደ ቀይ ዳማ ይወስደዋል፤ የሳቸው ነጥቷል። የነጣ ጅማት ደግሞ አይመለስም።

አያ ጫኔ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠየቁ። «ያን ቀን ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ይተርፍ ነበር?»

እኔ ቶሎ ብዬ የእግዜር ሥራ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ጋሽ አስናቀ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። «ይተርፍ ነበር» አሉ። «ሁሉም ባይሆን አብዛኛው።»

«አሁንስ?»

«የቀረችዋን ጥቂት ለማቆየት እንሞክራለን። የሄደው አይመለስም።»

ወይዘሮ የሻረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ጋሽ አስናቀን ጠልቻቸዋለሁ። ለዚህ ሰው ትንሽ ውሸት ምን አለበት እያልሁ። አያ ጫኔ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉና የጋሽ አስናቀን እጅ ያዙ።

«እውነቱን ስለነገርኸኝ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «ዋሽተኸኝ ቢሆን ግን ያን ድንጋይ መልሼ እጭንብህ ነበር።»

ከዚያ መድኃኒቱን አምጡት አሉ። ይህ መድኃኒት የሚሰጠው በቁመት ተለክቶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምልክት የተደረገበት እንጨት አለ፣ ሰውየው ተደግፎት ሲቆም ራሱ የደረሰበት ምልክት ስንት ፍሬ እንደሚወስድ ይናገራል። ጋሽ አስናቀ ክንዳቸውን ይዘው ወደ እንጨቱ ወሰዷቸው። «አያ ጫኔ፣ ቀና ይበሉ» አሏቸው።

አያ ጫኔ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። ራሳቸው ከመጨረሻው ምልክት በላይ አለፈ። ሙሉውን መጠን ቆጥሬ መዳፋቸው ላይ አኖርሁላቸው።